አምስተኛው መስመር

ሲስተር በነርስነት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታ፣ ወገቧ አልታዘዝ ሲላት፣ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቱ የዕቅድ ክፍል ተዛወረች። ወንበር ተሰጣት፣ ጠረጴዛ ተሰጣት፣ ተከፍቶ የማይዘጋ መሳቢያም ተሰጣት። ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «እፎይ በይ እንግዲህ» አላት። እፎይታ ድሮ ቀረ! ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላት ኃላፊው አስጠርቶ፣ «ሲስተር፣ ለጤና ወጪ ምዘናው ስልጠና እርስዎን መርጠናል» አላት። ሌላው ሁሉ እምቢ ብሎ እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። በሃምሳ ሰባት ዓመቷ፣ ጡረታዋ ደጃፍ ላይ ቆሞ እያያት፣ ደብተርና እስክሪብቶ ገዝታ ተማሪ ሆነች።

ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አሳንሰሩ ከተበላሸ ዓመት ባለፈው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ትቆምና ስልኳን የምታይ ትመስላለች። ስልኩ ላይ ምንም የለም፤ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነው። ክፍል ገብታ ስትቀመጥ ደግሞ ዓይኗ በራሱ ጊዜ ይከደናል። ከጎኗ ያለው ፋርማሲስት በክርኑ ጎሸም ሲያደርጋት፣ «እያሰብኩ ነው» ትለዋለች።

መምህሩ የልጇ እኩያ የሚሆን፣ ትሁት፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ወጣት ነው። በመጀመሪያው ቀን ምን አለ መሰላችሁ? «ይሄ ሕክምና ጥሩ ነው ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሁሉም ጥሩ ነው። በዚያው ገንዘብ ለስንት ሰው ከዚህ የበለጠ ጤና ይገዛ ነበር ብላችሁ ጠይቁኝ።» ሲስተር ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ ከሥሩም «ወይ ጣጣ» ብላ ጨመረችበት።

ቀጥሎ የጤና ዓመት የሚባል ነገር መጣ። ሙሉ ጤና ያለው ሰው የሚኖረው ዓመት አንድ ተብሎ ይቆጠራል። የታመመ ሰው ዓመት ከአንድ ያንሳል፤ እግሩ የተቆረጠ ሰው ዓመት ይበልጥ ያንሳል። ከዚያ ወጪው በተገኘው ዓመት ይካፈላል። ሲስተር እጇን አወጣች።

«የኔ ልጅ፣ ወገቤን የሚያመኝ እኔ ስንት ነኝ?»

«እርስዎ... ስምንት አስረኛ ቢሆኑ ነው» አለ መምህሩ እያፈረ።

«በል ይሄን ደሞዝ ከፋዩ እንዳይሰማ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን የሳቀችው በአፏ ብቻ ነው። ወደ ቤቷ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪውን በዓይኗ እየዞረች፣ ይሄ ሰባት አስረኛ፣ ያቺ ዘጠኝ አስረኛ እያለች ራሷን አደከመች።

አሁን ስለ ቁስል ክፍሉ እንናገር፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና። ሲስተር ወደ ጠረጴዛው ከመዛወሯ በፊት አስራ አንድ ዓመት የሠራችው እዚያ ነው። በጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ዱካ፣ ሁለት ሳፋ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ስኳር ያለባቸውና እግራቸው የቆሰለ ሰዎች ይመጣሉ፤ ቁስላቸው ይታጠባል፣ የሞተው ሥጋ ይነሳል፣ ይታሸጋል። ነገ ከነገ ወዲያ ደግሞ ይመጣሉ። ከሲስተር ጋር ትሠራ የነበረችው፣ አሁንም ያለችው፣ ፋሻ ናት። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ፋሻ ስትጠቀልል ያየ ሁሉ ግን ያንን ስም ረስቶት ቀረ። እጇ ልዝብ፣ አፏ ምላጭ። ዘግይቶ የመጣውን ሁሉ ገና ከበሩ ላይ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም! የት ከርመህ ነው?» እያለች ትቀበላለች፤ ከዚያ ተንበርክካ እንደ ሕፃን እግር ታጥብለታለች።

ክፍሏ አንድ መዝገብ አላት፤ የመዝገቡ የመጨረሻ ዓምድ «ውጤት» ይላል። ከአራት ቃል አንዱ ይጻፍበታል፤ ድኗል፣ ተልኳል፣ አቋርጧል፣ ሞቷል። «አቋርጧል» የተባለ እንደሆነ ለምን አልተከታተላችሁትም የሚል ደብዳቤ ይመጣል። «ሞቷል» የተባለ እንደሆነ ደግሞ የሁለት ነርስ ፊርማ ያለበት ባለ ሦስት ገጽ ቅጽ ይሞላል፤ ሦስተኛው ገጽ ላይም «ታካሚው ለምን ዘግይቶ መጣ?» የሚል ጥያቄ አለ። አስራ ሁለት እግር አግዳሚው ላይ ተሰልፎ በሚጠብቅበት ጠዋት ማን ነው ሦስት ገጽ የሚሞላው? ስለዚህ ሁለት ወር ብቅ ያላለ ታካሚ፣ በወሩ መጨረሻ መዝገብ ሲስተካከል፣ «ድኗል» ይባላል። ይህን ማንም አላዘዘም፣ ማንም አልከለከለም። ኃላፊውም ያውቃል፤ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ ዓመት ዓመትን ወለደ።

ታዲያ የስልጠናው የመጨረሻ ሥራ ምን ይሁን? ኃላፊው ቀድሞ አስቦበታል። ለመጪው ዓመት ያለው ገንዘብ ከሁለት አንዱን ነው የሚችለው። ወይ የቁስል ክፍሉ እንዳለ ይቀጥላል፤ ወይ ክፍሉ ይዘጋና በገንዘቡ ሦስት ጤና ሠራተኞች ተቀጥረው ቤት ለቤት እየዞሩ፣ የስኳር ሕመምተኞችን እግር ገና ሳይቆስል ያያሉ። ጎረቤት ከተማ ይህን ጀምሮታል፤ አኃዙም ተልኳል። የትኛው እንደሚያዋጣ ሲስተር መዝና ከስድስት ሳምንት በኋላ ሰኞ ቀን በሚደረገው ስብሰባ ላይ ታቀርባለች። ክፍሉ ከተዘጋ ቁስለኛው ሁሉ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ፋሻም የክትባት ካርድ ላይ ማህተም ስትመታ ጡረታዋን ትጠብቃለች።

ፋሻ ይህን ስትሰማ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «እሰይ! አንቺ ነሽ የምትመዝኚው? እኔ ደግሞ አንዱ ኮምፒውተሩን ታቅፎ የሚመጣ መስሎኝ ስንቀጠቀጥ ነበር። በይ ጻፊልን የኔ እህት። ከመቶ ዘጠናው ይድናል በያቸው፤ መዝገቡ ይመሰክራል።»

«መዝገቡማ...» አለች ሲስተር።

«መዝገቡ ምን?»

«ምንም። ደክሞኝ ነው።»

የአራት ዓመቱ መዝገብ ሁለት መቶ መስመር አለው። መምህሩ ለሁሉም ተማሪ የነገረው ሕግ ደግሞ አንድ ነው። «ሁሉን ሰው መፈለግ አትችሉም። በየአምስተኛው መስመር ያለውን ውሰዱ። ደስ ያላችሁን መምረጥ የለም፤ ያልፈለጋችሁትንም መዝለል የለም። አንዴ ከዘለላችሁ የተቀረው ሁሉ የእናንተ ፍላጎት እንጂ እውነት አይደለም።» ሲስተር መዝገቡን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ እየቆጠረች ወረደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ ትጽፋለች። እንደገና አንድ፣ ሁለት። የዛሬ ሁለት ዓመቱን ገጽ ገለጠች። ጣቷ አምስተኛው ላይ ሲቆም ከጣቷ ሥር ያለው የባሏ ስም ነበር። ዕድሜ ስልሳ አንድ፣ ሥራ አናጢ፣ ቁስሉ ግራ ተረከዝ። ውጤት፤ ድኗል። ጽሕፈቱ የራሷ ነው።

ባሏ አልዳነም። የዛሬ ሁለት ዓመት ሞቷል። አናጢ ነበር፣ ጠንካራ ቡት ጫማ አድርጎ የሚውል፤ ስኳር እንዳለበት ያውቃል፣ ክኒኑን ይውጣል፣ በቃ። አንድ ሰሞን ካልሲውን ሳያወልቅ መተኛት ጀመረ። «ምነው?» ስትለው «በረደኝ» አላት፤ አመነችው። ከነርስ ጋር አንድ አልጋ ላይ እየተኛ ተረከዙ ከውስጥ ይበሰብስ ነበር። ሽታው ሲያጋልጠው ጎትታ ቁስል ክፍሉ ወሰደችው፤ ፋሻና እሷ ተጋግዘው አጠቡት፤ ግን እግሩ ጠቁሮ ነበር። ሦስት ጊዜ ታጠበ፣ ከዚያ ሆስፒታል ገባ፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ፣ «ለምን አላሳየኸኝም?» ብላ ብትጮህበት፣ «ስትገቢ ደክሞሽ ነው የምትገቢው። የሰው እግር ስታጥቢ ውለሽ፣ ማታ ደግሞ የኔን?» አላት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏችኋል ይሄ ነው። ለቅሶው ካለቀ በኋላ ሥራ ገብታ የወሩን መዝገብ ስታስተካክል፣ እሱ መስመር ላይ ስትደርስ፣ ያ ሦስተኛው ገጽ ታያት። «ታካሚው ለምን ዘግይቶ መጣ?» እስክሪብቶዋ በራሱ «ድኗል» ብሎ አለፈ።

እናም አሁን፣ ጣቷ ስሙ ላይ እንደቆመ፣ ወደ ስድስተኛው መስመር ተንሸራተተች። ስድስተኛዋ አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። እሷን ጻፈች። ማንም አላየም።

ከአርባው መስመር አራቱ «ተልኳል» ይላሉ፤ ሠላሳ ስድስቱ «ድኗል»። መምህሩ ወረቀቱን ሲያይ ቅንድቡን አነሳ። «ሲስተር፣ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ክፍል ካለ እኔም እግሬን ይዤ እመጣለሁ። ድኗል ሲባል ማን አይቶ ነው?»

ዝም ማለት ትችል ነበር። ግን ዝም ማለትም ጉልበት ይጠይቃል። «ማንም አላየ» አለችው። «ድኗል ማለት ያልመጣ ሰው ማለት ነው።»

መምህሩ አልተቆጣም። ወረቀቱን መለሰላትና፣ «እንግዲያው ሄደው ይዩዋቸው» አለ። «ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ። አሁን እንዴት ናቸው? ቁስሉ በጀመረ በስንት ቀኑ ነበር የመጡት?»

«ሠላሳ ስድስት ቤት? በዚህ ወገቤ?»

«መኪና አናገኝም ሲስተር።»

መኪናማ መቼም ለሲስተር ተፈጥሮ አያውቅም። አራት ሳምንት በእግሯ ዞረች። ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ዳገቱን ወጥታ፣ የተሳሳተ በር አንኳኩታ፣ በውሻ ተባርራ። የመጀመሪያዋ ያቺ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሲስተርን ስታይ ከማሽኗ ተነስታ በሁለት እግሯ መሬቱን እየረገጠች አሳየቻት። «ይኸው! የናንተ ሥራ! በአራተኛው ቀን ነው የሮጥኩት፣ እናቴን የገደላትን አውቀዋለሁና።» ሲስተር ምስጋናውን ተቀበለች፤ ግን ይህቺ ሴት በሌላ ሰው መስመር የገባች ናትና ቶሎ ተሰናብታ ወጣች።

አንድ ግቢ ውስጥ ደግሞ የጡረተኛው ፖስተኛ ሚስት በሩን ከፈተችላት። ፖስተኛው ከሞተ ሦስት ዓመቱ። ሲስተር ይቅርታ ጠይቃ፣ መዝገብ ለማስተካከል እንደመጣች ስትነግራት፣ ሴትየዋ፣ «እና እናንተ ጋ ምን ተብሎ ተጽፏል?» አለቻት።

ውሸት መጣላት። ደግሞ ሄደባት። «ድኗል ይላል» አለች።

ሴትየዋ ሳቅ አመለጣት፤ ደስ የማይል ሳቅ። «እኔ ሳልሰማ! እንኳን ደስ ያለኝ በይኛ!» ከዚያ ዱካ አምጥታ፣ «ተቀመጪ፣ አንቺም ሞተሻል» አለቻትና ሻይ ሰጠቻት። ሲስተር በዚያ ሁሉ ዓመት ከሰማችው ስድብ ሁሉ ያ ሻይ በለጠባት።

ዘበኛው አንድ እግሩን አጥቶ አሁንም በር ይጠብቃል፤ ክራንቹን በሩ ላይ አስደግፏል። «በአርባኛው ቀን ነው የመጣሁት» አላት። «እግር ማለት እኮ ሲስተር፣ ከሩቅ ነው ያለው። ጫማ ውስጥ ነው፣ ጨለማ ውስጥ ነው። ማን አጎንብሶ ያየዋል? ሰው እንኳን እግሬን፣ ፊቴንም አያየኝም።»

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰው ቤት እያሠራ ባለበት መንገድ ስታልፍ፣ ሚስማር ጫማዋን በስቶ ከአውራ ጣቷ ሥር ገባ። ነቀለችው፣ ከላስቲክ ጠርሙሷ ውሃ አፈሰሰችበት፣ ሄደች። ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ ቢመጣባት በጩኸት ታፈርሰው ነበር። እቤት ስትገባ፣ በትምህርት ቤት ጸሐፊነት የምትሠራውና ቀድማት የገባችው ልጇ፣ «እማዬ፣ ምነው አነከስሽ?» አለቻት።

«ጫማው ነው።»

«እስቲ ልየው።»

«ጫማው ነው አልኩሽ! ይልቅ ያንን ኮምፒውተር ክፈቺልኝ።»

እሷ ትናገራለች፣ ልጇ ትጽፋለች። ከሠላሳ ስድስቱ «ድኗል» አስራ ሰባቱ በሁለት እግራቸው ይሄዳሉ። አስራ አንዱ ሞተዋል። ስድስቱ እግራቸው ተቆርጧል። ሁለቱ የት እንደገቡ አልታወቀም። በእግራቸው ከሚሄዱት አስራ ሰባት አስራ አምስቱ የመጡት በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ነው። ከሞቱትና ከተቆረጡት አስራ ሰባት ደግሞ አስራ አምስቱ የመጡት ከወር በኋላ። ወጪው በዳነው እግር ሲካፈል፣ አንድ እግር ማዳን በመዝገቡ ከሚታየው ከእጥፍ በላይ ውድ ሆኖ ቁጭ አለ። የጎረቤት ከተማው ቤት ለቤት ሥራ በዚያው ገንዘብ ብዙ እግር ያድናል። መምህሩ ሠንጠረዡን ሁለት ጊዜ አየው። «ክፍሉ መጥፎ ስለሆነ አይደለም» አለ። «ሰዎቹ የሚደርሱት ካለቀ በኋላ ስለሆነ ነው።» ቀጥሎ እንደ ልማዱ ጠየቃት። «መስመሮቹ በየአምስተኛው ናቸው አይደል ሲስተር?»

«በየአምስተኛው ናቸው» አለች። ውሸቷን በሃምሳ ሰባት ዓመቷ፣ ለልጇ እኩያ!

ለፋሻ ራሷ ሄዳ ነገረቻት፤ ከሌላ እንዳትሰማ ብላ። ፋሻ ጓንቷን ሳታወልቅ አዳመጠቻት።

«አስራ አንዱ ሞቱ? እና እኛ ነን የገደልናቸው?»

«አልወጣኝም። ዘግይተው ነው የመጡት።»

«ዘግይተው የመጡትን ማን ነው እንኳን ደህና መጣችሁ ብሎ የተቀበላቸው? እኔ አይደለሁ? ያ 'ድኗል' የሚለው ግማሹ እኮ ያንቺ ጽሕፈት ነው! አብረን ጻፍነው፣ አሁን አንቺ ተምረሽ መጣሽና እኔ ብቻ ውሸታም ሆንኩ?»

«ፋሻ...»

«ሂጂልኝ! ሰው እያጠብኩ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋሻ የሲስተርን ስልክ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ስብሰባው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት፣ መዝገቡን በብብቷ ይዛ የዕቅድ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ሳትቀመጥ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«እስከ አምስት መቁጠር እኔም እችላለሁ» አለች። «ስህተት ካገኘሁብሽ ብዬ ሌሊት ከቀን ቆጠርኩት። ሠላሳ ዘጠኙ ልክ ነው። አንዱን ዘለልሽ።» ጣቷን ስሙ ላይ አደረገች። «የሰውን ሬሳ በየቤቱ ዞረሽ ቆጠርሽ። የራስሽን ዘለልሽ።»

ሲስተር የመሳቢያውን ጫፍ ይዛ ቀረች።

«ይሄን ሰኞ ባወጣው ወረቀትሽ ዋጋ የለውም። ክፍሌ አይነካም። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እና ምን ትያለሽ?»

«አውጪው» አለች ሲስተር። «የፈለግሽውን አድርጊ። እኔ ደክሞኛል ፋሻ።» እውነቷን ነበር። የደከማት አራት ሳምንት መዞሩ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን አንድ መስመር ተሸክማ መኖሯ ነው። ፋሻ አፍጥጣ አየቻት፣ መዝገቡን ዘጋች፣ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ሲስተር ወደ ቁስል ክፍሉ መጣች። ፋሻ የመጨረሻውን ታካሚ እየጠቀለለች ነበር፤ ቀና አላለችም። ሲስተር ከመደርደሪያው መዝገቡን አወረደች፣ ባለ ሦስት ገጹን ቅጽ ከካርቶኑ መዘዘች፤ ካርቶኑ ሳይከፈት አቧራ ጠጥቶ ነበር። አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በባሏ መስመር ላይ ያለውን «ድኗል» አንድ ጊዜ ሰርዛ ከጎኑ «ሞቷል» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቅጹን ያዘች። የመጀመሪያው ገጽ ቀላል ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀን። ሁለተኛውም ስለ ቁስሉ ነው፤ እሱን ማን እንደሷ ያውቃል! ሦስተኛው ላይ ቆየች። ታካሚው ሰውዬ ጨርሶ ወጣ፤ ፋሻ ሳፋውን ደፋች፣ እጇን ታጠበች፤ ሲስተር ገና እዚያው ነበረች። በመጨረሻ ጻፈች።

ቅጹን ለፋሻ ዘረጋችላት። «ሁለተኛ ፊርማ ይፈልጋል።»

ፋሻ መነጽሯን ከኪሷ አውጥታ አነበበች። «ታካሚው ለምን ዘግይቶ መጣ?» ከሚለው ሥር፣ «ቁስሉን ሃምሳ ቀን ያህል ደብቋል። ሚስቱ የዚህ ክፍል ነርስ ናት። የሰው እግር ስታጥብ ውላ ደክሟት ትገባ ነበር። ቤቱ ውስጥ እግሩን ያየለት ሰው አልነበረም» ይላል።

ፋሻ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። «አስራ ሰባቱ አስራ ስድስት ሊሆን ነው» አለች።

«አዎ። የሞቱት ደግሞ አስራ ሁለት። ልብስ ሰፊዋ ትወጣለች።»

«ይሄን ከፈረምኩ በወረቀትሽ ላይ የምለው ነገር የለኝም። ሰኞ ይዘጉታል።»

«ይዘጉታል።»

«እኔ ደግሞ ካርድ ላይ ማህተም ስመታ እውላለሁ።»

«ቤት ለቤት የሚዞሩትን የሚያሠለጥን ሰው ይፈልጋሉ ብያለሁ፣ ወረቀቱ ላይ። ይሰሙኝ አይሰሙኝ አላውቅም።»

«አይሰሙሽም» አለች ፋሻ። እስክሪብቶውን ወሰደችና በቁሟ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ፈረመች። ሲስተር ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ ወንበሩን ተደግፋ ተነስታ፣ ወደ በሩ መራመድ ጀመረች።

«ጫማሽን አውልቂ» አለች ፋሻ ከኋላዋ።

«የምን ጫማ?»

«የምታነክሺበትን ነዋ! ዓይኔ የጠፋ መሰለሽ?»

«ኧረ ምንም አይደለም። ደክሞኝ ነው።»

ፋሻ ሳፋውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከቧንቧው ሥር አቆመችው፣ ውሃውን ከፈተች፣ ንጹሕ ጓንት አጠለቀች፣ ዱካዋ ላይ ቁጭ አለች። ሲስተር ተመልሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጫማው በመከራ ወለቀ። ካልሲው ግን ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል፤ ፋሻ በጨው ውሃ እያራሰች ቀስ አድርጋ ላጠችው። ከሥሩ ያለውን አየችና ምንም አልተሳደበችም። ያን ሁሉ ዘመን ታካሚ ስትሳደብ የኖረች ሴት!

«ስንት ቀኑ ነው?» አለቻት።

ሲስተር በጣቷ ቆጠረች። «አስራ ዘጠኝ» አለች።